ሌላ ካለ ይግለጹ

ሻርጃ፣ ሮላ ላይ፣ ከስልክ ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣
አንድ ክሊኒክ አለ፣ መስኮቱ ባሕር የማያይ፤
የጎረቤት አንሶላ ብቻ፣ ሽቦ ላይ የተሰጣ፣
ነሐሴ የሚያደርቀው ገና ከባልዲው ሳይወጣ።

አስተርጓሚ ነኝ፣ በሰዓት የምከፈል።
ዶክተር ሺጃ፣ የኬረላዋ፣ አርባ ጥያቄ ዘረጋች፤
«ስኳር ላለባቸው ሴቶቻችሁ ነው» ብላ አስረዳች፤
«እንዳይሰለቻቸው አድርጊ፤ ሥዕል ጨምሪ፣ ቀለም፤
ባለፈው ዙር ከላክነው ስምንት እንኳ የተመለሰ የለም።»

«ባለፉት አራት ሳምንታት ሕመምዎ በዕለት ኑሮዎ
ላይ ያሳደረውን ጫና ከዜሮ እስከ አስር ይመዝኑ።»
ጮክ ብዬ አነበብኩት።
አንሶላዎቹ እንኳ አልገባቸውም።

ሉባባ ይማም፣ የከሚሴ ልጅ፣ ሰባት ዓመት በሰው ጓዳ፤
ስድስት መኝታ፣ አራት ልጅ፣ በየሳምንቱ እንግዳ።
«ሕመምሽ ስንት ነው?» አልኳት። «በቁጥር?» ብላ ሳቀች፤
«ደሞዜን በቁጥር የነገረኝ የለም፣ ሕመሜን?» አለች።
«እንዴት ነሽ?» ስላት «አልሐምዱሊላህ»፤
እግሯ ከጫማው ተርፎ አብጦ፣ አሁንም «አልሐምዱሊላህ»።
የትኛው ሣጥን ውስጥ ይገባል
ይሄ ምስጋና፣ ይሄ ጋሻ?

እናም ቁጥሩን ትተን ቢጫ ፊቶች ሣልን፣ ከሚያለቅስ እስከሚስቅ፤
ልጅ እንኳ የሚገባው፣ ንክት አድርገውት የሚያልቅ።
ላክነው። በሦስት ቀን መቶ አራት መልስ ጎረፈ፤
መቶ አንዱ የሚስቅ ፊት፤ ሕመም ከሻርጃ አለፈ!
ሺጃ ግን ዝም አለች።
የደሙ ውጤት ከጎኑ ተቀምጧል፦
ሦስት መቶ አስር። ሁለት መቶ ዘጠና። አራት መቶ።
ፊቱ ይስቃል፣ ደሙ ሌላ ያወራል።

«ማዳም ነበረች» አለችኝ ሉባባ፣ «ከኋላዬ፣ ሻይ ይዛ፤
የሚያለቅሰውን ብነካ፣ በነጋታው ትኬቴ ተገዛ።»

ያን ለት አርባውንም ሰረዝኩ።
ጥያቄም እንደ መርፌ ነው፤ ቦታ አለው፣ ሰዓት አለው፤
ያለቦታው ከወጉት እብጠት ነው የሚተርፈው።

ከሌሊቱ አምስት ተኩል፣ ዕቃው ታጥቦ ሲያበቃ፣
ከማቀዝቀዣው በቀር በቤቱ ማንም ሳይነቃ፣
አንድ ጥያቄ ብቻ፣ በድምፅ፣ በራሴ ጉሮሮ፦
«ዛሬ እግርሽን አየሽው? ውስጡን? በጣቶችሽ መሃል?»
በማግስቱ፦ «መርፌሽ የት ነው የሚያድረው?»
ከዚያ፦ «ምሳ የበላሽው ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ?»
ሥዕል የለውም። ቀለም የለውም።

«ከቲማቲሙ ሥር» አለች አንዷ፣ «በፌስታል ጠቅልዬ፤
ልጆቹ ካዩት ይጸየፉኛል ብዬ።»
ሌላዋ ምንም አላለች፤ አርባ ሰከንድ ትንፋሽ፣
ካልሲ ሲወልቅ፣ ከዚያ አንዲት «ውይ»።
ጠዋት ታክሲ ላክን። አውራ ጣቷ ተረፈ።

«ታዲያ ይህን ‹ውይ› የት ላስገባው?» አለች ሺጃ፤
ኮምፒውተሩ ቁጥር ነው የሚወደው።
የድሮውን ቅጽ መጨረሻ ገጽ ገለጥኩላት፣
«ሌላ ካለ ይግለጹ» የምትለዋን መስመር፣
የአንድ ሰው ስም እንኳ የማትይዘውን።
«እዚህ» አልኳት። «ግን አስረዝሚያት።»

ሐሙስ ሌሊት ሉባባ ሳትጠየቅ ላከች፦
«የረሳችሁት አለ። እንዲህ በሉ፦
ውኃ ሲጠማሽ ማንን ታስፈቅጃለሽ?»

ተረጎምኩላት። ሺጃ ቆየች፣
መነጽሯን አውልቃ መልሳ አጠለቀች።
ከዚያ ዝርዝሩን ከላይ ከፈተች፤
አንድን ወደ ሁለት ገፋች፣
ሁለትን ወደ ሦስት፣
ለሉባባ ቦታ ለቀቀች።